ዕዳው ሲነገር ቁማሩም ይነገር



ባለፈው ወር እዚሁ ጁባ በግዳጅ ላይ ከሚገኝ አንድ ሃምሳ አለቃ አራት ገጽ የሞላ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ደብዳቤው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ፊደሉ እየተንጋደደ፣ መስመሩንም እየሳተ ይሄዳል። በቅድሚያ በግል መልስ ጻፍንለት። ኋላ ላይ «ሌላውም ይማርበት» ብሎ ስለፈቀደልን፣ ስሙንና ክፍሉን ትተን ጉዳዩን ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ ተከታታዮች እናቀርባለን።

ሃምሳ አለቃው ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለቤቱ በድሬዳዋ የጀመሩትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት እያሠራች ትገኛለች፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ቀርቷል። የቆርቆሮው ገንዘብ የሚጠበቀው ከባልየው ነበር። እርሱም ለዚሁ ሲል 140,000 ብር አጠራቅሞ ነበር። ያ ገንዘብ ዛሬ የለም። በዚያ ላይ 185,000 ብር ዕዳ አለበት፤ 70,000 ብሩ ተራውን አስቀድሞ የወሰደው የእቁብ ገንዘብ፣ 85,000 ብሩ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ የተበደረው፣ ቀሪው 30,000 ብር ደግሞ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከሚነግድ አንድ ያገሩ ልጅ የወሰደው ነው።

ገንዘቡን የበላው የእግር ኳስ ውርርድ ነው። በአንድ የእረፍት ቀን በ50 ብር ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 2,300 ብር አስገኘለት። ያችን ቀን ከነሰዓቷ ያስታውሳታል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ወራት ግን «እንዴት እንዳለፉ አላውቅም» ይላል።

አሜሪካ የሚኖር የአጎቱ ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍርድ ቤት ኪሣራውን አስታውቆ የብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ተሰርዞለታል። ሃምሳ አለቃችን ይህን ሰምቶ ተስፋ አደረገ። ጥያቄውንም እንዲህ ሲል አቀረበልን፤ «እኔም ወደ አገሬ ስመለስ ኪሣራዬን ለፍርድ ቤት ባመለክት፣ ገንዘቡ በቁማር መጥፋቱን የመናገር ግዴታ አለብኝን? ለባለቤቴስ ገንዘቡን ወደ ደቡብ ሱዳን ፓውንድ መንዝሬ ለአንድ ነጋዴ አበድሬ ነበር፣ ፓውንዱ ወደቀና ሰውየው ከሰረ ብላት ምን አለበት?»

ጥያቄው ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ የጠፋውን ገንዘብ ተናግሬ የጠፋበትን መንገድ ብደብቅስ ነው የሚለው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በአገራችን ስለ መክሰር የሚደነግገው የንግድ ሕጉ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአምስተኛው መጽሐፉ፣ ይህንኑ ክፍል የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243ም እንዲሁ፣ መክሰርን የደነገጉት ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው፣ ወታደርም ይሁን መምህር፣ «ከስሬአለሁና ዕዳዬ ይሰረዝልኝ» ብሎ የሚገባበት በር በዚህ ሕግ ውስጥ የለም። ስለሆነም፣ ወንድማችን፣ የአጎትህ ልጅ ያለፈበት መንገድ ለአንተ አልተጠረገም። ዕዳህ ወይ ይከፈላል፣ ወይ ባለገንዘቡ ይምርሃል፣ ወይ በስምምነት ጊዜው ይራዘማል።

ይህ መርዶ ከሆነብህ ግን የአያቶቻችንን ዘመን አስብ። በዚያ ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝቶ፣ አብሮ እየዋለ አብሮ ያድር ነበር። ቁራኛ ይባል ነበር፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» ስንል የምንናገረው ያንኑ ነው። በዚያ አኗኗር ማን ይበልጥ ይቀጣ እንደነበረ ለመናገር ያስቸግራል፤ አበዳሪውም እስረኛ ነበርና። ሰንሰለቱ ዛሬ ቀርቷል። ነገር ግን አንተው በደብዳቤህ እንደጻፍኸው፣ ያበደሩህ ሦስት ባልደረቦችህ ምግብ ቤት ውስጥ መኖራቸውን ከበሩ አይተህ የምትመለስ ከሆነ፣ እራትህንም በደረቅ ብስኩት የምታልፈው ከሆነ፣ ያለ ብረት ታስረሃል ማለት ነው።

ወደ አጎትህ ልጅ አገር እንሻገር። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ግለሰብ ኪሣራውን ለፍርድ ቤት ሲያመለክት፣ ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳ ብቻ አይዘረዝርም። ስለ ገንዘብ አያያዙ ታሪክ የሚጠይቅ ሌላ ቅጽ ይሞላል። በዚያ ቅጽ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ በስርቆት፣ በእሳት፣ በሌላ አደጋ ወይም በቁማር ያጣኸው ነገር አለን ይላል። አስተውል፤ ቁማር ከሌባና ከእሳት ጎን ተሰልፎ የተጠየቀው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱ የሚፈረመው በሐሰት ቢሆን እቀጣለሁ ተብሎ ነው፤ በኪሣራ ጉዳይ አውቆ በሐሰት የመሰከረ ወይም ንብረት የደበቀ ሰው እስከ 5 ዓመት እሥራት ሊፈረድበት ይችላል። መልሱም በቃል ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ የባንኩ ወረቀት አብሮ ይመረመራል፤ ለውርርድ ቤት የወጣችው ገንዘብ በዚያ ላይ ከነቀኗ ተጽፋ ትገኛለች።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ አገር ሕግ አንድ ሰው ቁማር መጫወቱ ብቻውን የዕዳ ስረዛ አያስከለክለውም። የሚያስከለክለው ሌላ ነው፤ የነበረው ንብረት ወዴት እንደሄደ አጥጋቢ ማብራሪያ መስጠት ያልቻለ ሰው፣ ወይም በሐሰት የማለ ሰው፣ ስረዛው ሊነፈገው ይችላል። እንደማይከፍል እያወቀ የተበደረው ዕዳም እንደ ማጭበርበር ተቆጥሮ ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። «በቁማር ጨረስኩት፤ ቀኑ ይኸው፣ ወረቀቱ ይኸው» የሚል ሰው ከዳኛው ፊት የሚቆምበት ምድር አለው። «ገንዘቡ አለቀ፣ እንዴት እንዳለቀ ግን እንጃ» የሚለው ሰው የሚቆምበት የለውም። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር፤ የ1986 እ.ኤ.አ. የኪሣራ ሕግ ቁማሩ ለመክሰሩ ምክንያት የሆነበትን ሰው በወንጀል ይጠይቅ ነበር። ይህ ድንጋጌ በ2004 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል። ዛሬ ቁማሩ የሚመዘነው፣ ከሳሪው ከ2 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ገደብ ሥር ይቆይ ወይስ አይቆይ ለሚለው ውሳኔ ነው። ሕግ አውጪዎቹም ከብዙ ዘመን በኋላ የደረሱበት ሐሳብ፣ ሰውየውን ለጨዋታው ከመቅጣት ይልቅ ሒሳቡን ሙሉ አድርጎ እንዲናገር ማስገደድ ይሻላል የሚል ይመስላል።

እንግዲህ፣ ወንድማችን፣ ዕዳ ወደሚሰረዝበት አገር ብትሄድ እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ልትሸሸው የፈለግኸው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጁባ እንመለስና ለባለቤትህ ልትነግራት ያሰብኸውን ታሪክ እንመርምር። ታሪኩ ብልህ ነው፤ አልካድንም። ብልህ የሚያደርገው እዚህ በእውነት የደረሰ ነገር መሆኑ ነው። በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን መንግሥት ፓውንዱን በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በለቀቀ ጊዜ፣ የአንድ ዶላር ይፋዊ ምንዛሪ ከ2.96 ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ ዘለለ። በዚያ ይፋዊ ምንዛሪ ሲሰላ 33,800 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረ 100,000 ፓውንድ፣ ወዲያው ወደ 5,400 ዶላር ወረደ ማለት ነው። በዲሴምበር 2013 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር፣ በጁላይ 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚህች ከተማ ውጊያ በተደረገ ጊዜ፣ ሱቃቸው የተዘረፈባቸውና ሕይወታቸውን ብቻ ይዘው የወጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው ይሠሩ የነበሩ ያገራችን ልጆች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ «ጁባ ላይ ከሰርኩ» የሚልን ሰው ማንም ለምን አይለውም፤ ቡና ይፈላለታል፣ እግዜር ይተካ ይባላል።

ያንተ ቁማር ሊደበቅ የፈለገው በእነዚህ ሰዎች መከራ ውስጥ ነው። ያበደረህ የኮንዮ ኮንዮ ነጋዴ ምናልባት ከእነርሱ አንዱ ይሆናል። እርሱ ከምንም ተነሥቶ ዳግመኛ ካቆመው ሱቅ 30,000 ብር አውጥቶ ሰጠህ፤ አንተ ደግሞ የእርሱን ታሪክ ወስደህ ለሚስትህ ልትነግራት ነው። ይህን ስንጽፍልህ እንደከበደብህ ነግረኸናል። ሲጻፍም ቀላል አልነበረም።

ደግሞም ውሸቱ ሥራ ይፈጥራል። ገንዘቡ ለነጋዴ ተበድሯል ከተባለ፣ ባለቤትህ ገንዘቡ አንድ ቀን ይመለሳል ብላ ታስባለች። ቆርቆሮውን በዱቤ ታወጣለች። ወንድሟ «ሰውየው ማነው? ሰነድ አለህ ወይ? ምስክር ማን ነበር?» ይልሃል። ለአንዱ ጥያቄ የፈጠርኸው ነጋዴ ስም ይፈልጋል፣ የስልክ ቁጥር ይፈልጋል፣ በመጨረሻም መሞት ይኖርበታል። እርሷ ግን ላም አለኝ በሰማይ እያለች ዓመት ሁለት ዓመት ትጠብቃለች።

ባለቤትህ በሕግም ባዕድ አይደለችም። የምትኖረው በድሬዳዋ ስለሆነ የሚመለከታችሁ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ ሌሎች አንባቢያን የየአካባቢያቸውን ይጠይቁ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 68 መሠረት ከባልና ሚስት አንዱ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለማበደር፣ ለዚያ ያህል ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር አዋጁ በወጣበት ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ ዘንቢሉን አይሞላበትም። አዋጁ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ እያንዳንዱ ብድርህ የባለቤትህን ቃል የሚጠይቅ ነበር፤ ልታሳብብበት ያሰብኸው «ለነጋዴ አበደርሁ» የሚለው ፈጠራም ቢሆን እውነት ሆኖ እንኳ ያለ እርሷ ስምምነት የማይደረግ ነበር። አንቀጽ 70 ደግሞ አንዱ ተጋቢ ያመጣው ዕዳ በመጀመሪያ ከግል ሀብቱ፣ ያ ከሌለ ከጋራ ሀብቱ ሊከፈል እንደሚችል ይናገራል። ያ ቆርቆሮ የሚጠብቀው ቤት የጋራ ሀብት ነው። እርሷ የማታውቀው ውርርድ የእርሷን ግድግዳ ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያለ ስምምነቱ ግዴታ የተገባበት ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ጊዜው ግን ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ቢበዛም ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት ነው። ይህን የጠቀስነው ባልደረቦችህ ገንዘባቸውን እንዲያጡ ለመምከር አይደለም፤ ያመኑህን ሰዎች በሚስትህ አቤቱታ ብታስክዳቸው ከቁማሩ የባሰ ነውር ይሆናል። የጠቀስነው ዝምታህ የሚበላው የእርሷንም ጊዜ መሆኑን እንድታውቅ ነው። ሁለት ዓመት ሸሽገህ ብትነግራት፣ ሕጉ የሰጣትን በር አንተ ከውጭ ቆልፈህባት ቆየህ ማለት ነው። ለዝርዝሩ የክፍላችሁን የሕግ ባለሙያ ጠይቅ፤ ይህ ዓምድ የሕግ ባለሙያን ቦታ አይተካም።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ አንልም፤ አንድ ስሌት ብቻ እናቅርብ። ሃምሳ አለቃው በአንድ ቲኬት ስምንት ጨዋታ እየደረደረ ነበር የሚወራረደው፤ «ሰባቱ ገብተው አንዱ በላኝ» የሚለው ቃል በደብዳቤው ውስጥ አራት ጊዜ ተጽፏል። እያንዳንዱ ግምት የመሳካትና ያለመሳካት ዕድሉ እኩል ነው ብንል፣ ስምንቱም አብረው የሚሳኩት ከ256 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ውርርድ ቤቱ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ግምት ሁለት እጥፍ አይከፍልም፤ በ1.85 ያሰላል እንበል። ያ ስምንት ጊዜ ሲባዛ 137 እጥፍ ይሆናል። 256 ጊዜ መቶ ብር አስይዞ አንድ ጊዜ 13,700 ብር የሚያገኝ ሰው፣ 25,600 ብር አውጥቷል። «አንዱ በላኝ» ማለት ዕድል ለጥቂት አመለጠኝ ማለት አይደለም፤ ጨዋታው የተሠራው እንዲያ እንዲሆን ነው። ወታደር ሒሳብ ያውቃል። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪ ወታደር በቀጥታ ሲሰጥ የኖረው የቀን የኪስ አበል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነው፤ በ30 ቀን 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ይህች ሳንቲም በስንት ዘብ፣ በስንት የፀሐይ ቀን እንደተገኘች ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለሃምሳ አለቃው የጻፍንለት ይህን ነው። አንድ ሙሉ ወረቀት ውሰድ። በላዩ ላይ ያጠራቀምኸውን ገንዘብ፣ ከሥሩ የተበደርኸውን ከነባለቤቱ፣ ከነቀኑ ጻፍ። ወዴት ሄደ በሚለው መስመር ላይ «ቁማር» የሚለውን ቃል በገዛ እጅህ ጻፈው፤ «ችግር» ብለህ አትጻፍ፣ «አንዳንድ ወጪ» ብለህም አትጻፍ። ያሸነፍኸውንም አስገባ፤ ቁማርተኛ ያሸነፈውን ለሰው ይናገራል እንጂ ከሒሳብ አያስገባውምና። ትንሿን አትተው። ዛሬ ግማሹን ነግረህ ግማሹን ለሚቀጥለው ወር አታቆይ፤ ሚስት የመጀመሪያውን ጊዜ ይቅር ብላ ተነሥታ ሳለ ሁለተኛው ሲመጣ፣ ይቅርታዋንም እንዳታለልኸው ትቆጥረዋለች። ወረቀቱ ሲያልቅ በስልክ ንገራት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ይሁን። እረፍት እስክወጣ ልጠብቅ ማለትህን አንብበናል። እረፍትህ ገና አራት ወር ቀርቶታል፤ በአራት ወር ውስጥ ስንት ቅዳሜና እሑድ፣ ስንት ጨዋታ እንዳለ ራስህ ቁጠር። ደመወዝህንም ለጊዜው እርሷ እንድታስተዳድር ውክልና ስጣት። የጠፋውን በሌላ ቲኬት እመልሳለሁ የሚለው ሐሳብ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ያስታውሰናል፤ አንተ በብብትህ የቀረህ ደመወዝህና ስምህ ነው።

ለእናንተ ለእህቶቻችን ደግሞ፤ ባል እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚቀርብበት ቀን ለሚስት ከሐዘን ቀን አይተናነስም። ቁጡ፣ አልቅሱ፤ ይገባችኋል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ወርቃችሁን ሸጣችሁ ዕዳውን ባንድ ጊዜ ለመዝጋት አትሩጡ። ዕዳው እንደ ተአምር የጠፋለት ሰው እንደገና ለመበደር ነጻ ይሆናል። አበዳሪዎቹን ጥሩ፣ ወረቀቱን ዘርጉ፣ በየወሩ የሚቻለውን ቁረጡ።

ይህን ስንል አንዲት ሴት ትዝ ትለናለች። የሩሲያው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በወጣትነቱ የጦር መሐንዲስ መኮንን የነበረ፣ ከግዞት በኋላም በሳይቤሪያ ተራ ወታደር ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. አና የምትባል ወጣት ቃል ጸሐፊ አገባ፤ ወዲያው ወደ ጀርመን አገር ተሻገሩ። እዚያም ሰውየው ሩሌት በሚባለው ቁማር ያላቸውን ሁሉ አሟጠጠ፤ የጋብቻ ቀለበታቸውና የጆሮ ጌጧ ሳይቀር መያዣ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ የተበላውን ገንዘብ አይደብቃትም ነበር። እየተመለሰ በቃል፣ ሲርቅም በደብዳቤ ይነግራታል። በ1871 እ.ኤ.አ. በቪስባደን ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ ተበልቶ ይህ ሕልም አበቃ ብሎ ጻፈላት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቁማር ጠረጴዛ አልተመለሰም። ወደ አገራቸው ሲገቡ አበዳሪዎች በር ላይ ቆመው ነበር። አብዛኛው ዕዳ በሞተው ወንድሙ መጽሔት የመጣ ነው። አና የዕዳውን ጉዳይ ከባሏ እጅ ወሰደች። አንዱ አበዳሪ አሳስረዋለሁ ብሎ በዛተ ጊዜ፣ ባሌ በዕዳ እስር ቤት ጊዜውን ቢጨርስ ዕዳህ ይሰረዛል፣ ቀለቡንም የምትከፍል አንተ ነህ ብላ መለሰችለት፤ ሰውየውም በየጊዜው እየተከፈለው ለመቀበል ተስማማ። ኋላም የባሏን መጻሕፍት ራሷ እያሳተመች መሸጥ ጀመረች፤ ባሏ በ1881 እ.ኤ.አ. ሲሞት ዕዳው ተከፍሎ አልቆ ነበር ለማለት ይቻላል። አና ያን ሁሉ ልታደርግ የቻለችው ምን ያህል ዕዳ እንዳለ፣ ከየትም እንደመጣ ስላወቀች ነው። ያላወቀችውን ዕዳ አበዳሪው ፊት ቆማ ልትከራከርበት ባልቻለች ነበር። (አና አንዳንዴ ባሏ እንዲጫወት እያወቀች ገንዘብ ትሰጠው ነበር፤ ይህን ግን አትቅዱ።)

ላበደራችሁት ባልደረቦችም አንድ ቃል አለን። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የተበደራችሁ ሰው «ልጄ ታማለች» እያለ ነበር። ልጁ አልታመመችም። ከእናንተ ሁለታችሁ ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ አይታችሁታል፤ አይታችሁም አበደራችሁት። ወዳጅነት መስሎአችሁ እንደነበረ እናውቃለን።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ስናዘጋጅ ከሃምሳ አለቃው ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን፤ የዚህኛው ቁመት ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ወረቀቱን ጽፎ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ለባለቤቱ በስልክ አነበበላት። እርሷም እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ አዳመጠችው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራ። በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለፋሲካ የላክህልን 6,000 ብርስ ከየት ነበር?»

እርሱም ከኮንዮ ኮንዮው ነጋዴ ለብቻ የተበደራት መሆኗን፣ በወረቀቱ ላይም መጻፍ እንደረሳት ነገራት። «በሬውን የተቃረጥንበት ነው» አለችው። ጨምሮ ጻፋት፤ ድምሩ 191,000 ብር ሆኗል።